ቴፑ ያልሰማው ተቀባይ

ባለፈው ጥር የእህቴ ልጅ ስትዳር፣ መካነ ሰላም አዲስ ከተሠራው የሠርግ አዳራሽ ከእድምተኛው ሁሉ ቀድሜ ደረስኩ። ለሙሽሮቹ ቸኩዬ አልነበረም። የድምፅ መሣሪያ ሲዘረጋ ቆሜ ካላየሁ ሰውነቴ አይረጋም። ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም ይባላል፤ እኔን ግን አቅስሶም አልለቀቀኝም። ሥራውን ከተውኩ ዘመን ቢሆነኝም፣ የተጠላለፈ ገመድ ባየሁ ቁጥር እጄ ለመፍታት ይነሳል።

የሳውንዱ ባለሙያ ጢሙ ገና ያልጠና ጎበዝ ነው። ሚክሰሩን ከጀርባው ቦርሳ ውስጥ መዞ አወጣው። እኛ በዘመናችን ሚክሰር ከመኪና ስናወርድ ሁለት ሰው "ያዝ! ቀስ!" ይባባል ነበር። ልጁ ማይኩን አነሳና፣ "አሎ፣ አሎ። አንድ፣ ሁለት። ይሰማል?" አለ። ማንም አልመለሰለትም። አስተናጋጆቹ ጠርሙስ ይደረድራሉ፤ ዲኮር የሚሠሩት ሴቶች በአንድ መጋረጃ ይጨቃጨቃሉ። እኔ ግን የያዝኩትን ውሃ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ወንበር ፈለግሁ። ያቺን "ይሰማል?" የምትል ቃል ስሰማ ጀማል ይመጣብኛል፤ ጀማል ሲመጣብኝ ደግሞ ቆሜ መስማት አልችልም።

ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ደሴ አንድ ሙዚቃ ቤት ሁለት ዓመት ተላልኬ የቃረምኩትን ሙያ ይዤ ወደ አገሬ ወደ መካነ ሰላም ተመለስኩና፣ ጋሼ ተፈራ የሚባሉ ሰው ባመጡት መሣሪያ ላይ ተቀጠርኩ። ስምንት ማይክ የሚቀበል ሚክሰር፣ ጎታ የሚያካክሉ ሁለት ስፒከሮች፣ አምፕሊፋየር፣ ካሴት መቅጃ ቴፕ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንደ እመጫት ስናባብለው የምንውል አንድ ጀኔሬተር ነበረን። ጥር ሲገባ መኪና እስከሚሄድበት በአይሱዙ፣ ከዚያ ወዲያ በበቅሎ ጭነን እስከ ከላላ ድረስ ከሠርግ ሠርግ እንዞራለን። የደረቀው መንገድ አቧራ፣ የጠላው ጋን ሽታ፣ ከየዳሱ ጓሮ የሚወጣው የሽንኩርት ቁሌት ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። በየደረስንበት "መሣሪያ መጣ!" ተብሎ ሰው ግልብጥ ብሎ ይወጣል። እኔም መሣሪያውን የፈጠርኩት ይመስል ደረቴን ነፍቼ እወርዳለሁ።

ደሴ ያስተማረኝ ሰው አንድ ሕግ ነበረው፤ "አውጪው ይጉላ፣ ተቀባዩ ይቀነስ።" በእኛ አገር ጭፈራ አንዱ ግጥሙን ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበሉታል። ጥሩ ተቀባይ ያላገኘ አውጪ ጉሮሮው ቢሰነጠቅ ዘፈኑ አይቆምለትም። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ በየሠርጉ ያደግሁበት ነው። ከሚክሰሩ ኋላ ስቆም ግን የማውቀውን ትቼ የተማርኩትን አመንኩ።

ጀማል ከመሣሪያው ጋር የሚዞረው የዘፈን ቡድናችን ዋና ተቀባይ ነበር። አባቱ ሸህ አራጋው፣ ከከተማው በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ መንደር ቁርአን የሚያስቀሩ፣ መንዙማ ሲያወጡ ማዶ ያለው ሰው ሥራውን አቁሞ የሚያዳምጣቸው ሰው ናቸው። ለልጃቸው ድምፁን ያወረሱትም ያሠለጠኑትም እሳቸው ናቸው። ከኦርጋንና ከማሲንቆ ጋር መቆሙን በሰሙ ጊዜ ግን፣ "ይኸን ድምፅ ለኦርጋን አላሳደግሁትም። ሂድ፣ አልከለክልህም። ጆሮዬን ግን አልሰጥህም" አሉት።

ጀማል ይህን እያሳቀ ነበር የሚነግረን። "እኔ እንደሁ አላወጣም" ይላል። "ወላሂ፣ አንድም ቀን አውጥቼ አላውቅ። ወንጀሉ የአውጪው ነው። እኔ ሰው ሲጠራኝ አቤት ነው የምል።" እኛ እንስቃለን፣ እሱም ይስቃል። ግን ወደ መንደራቸው አቅጣጫ ዳስ በተጣለ ቁጥር፣ "መላኩ፣ ስፒከሩን ትንሽ ወደዚያ ብታዞረው?" ይለኝ ነበር። ሁለት ሰዓት የእግር መንገድ የሚሻገር ስፒከር እንደሌለ እሱም ያውቀዋል። አባቱ እንዲሰሙት ምን ያህል ይመኝ እንደነበር ከመካከላችን ያልገባው ሰው አልነበረም።

ከጀማል ጋር የመጨረሻው ሠርጋችን እዚያው መካነ ሰላም፣ በባሕር ዛፍ ምሰሶና በሸራ በተሠራ ዳስ ውስጥ ነበር። ያን ቀን ከልቤ ያልወጣ ፍርሃት ነበረብኝ። ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ አንደኛውን ስፒከር አቃጥዬ፣ ጋሼ ተፈራ ደሴ ልከው እስኪያስጠግኑት ፊት ነስተውኝ ከርመዋል። "ሚክሰሩ ላይ ያለችው ቀይዋ መብራት ብልጭ ስትል ቀንስ። አንዴ ከተቃጠለ አልቅሰህ አትመልሰውም" ብለው አስጠንቅቀውኛል። ጀማል አፉን በከፈተ ቁጥር ደግሞ ቀይዋ መብራት ብልጭ ትላለች። ቀነስኩት። አሁንም ብልጭ አለች። እንደገና ቀነስኩት። በመጨረሻ የእሱን ማይክ ቁልፍ እስከ ታች አወረድኩትና ተገላገልኩ።

ማንም አላወቀም። እሱም አላወቀም። ድምፁ ያለ ማይክ ዳሱን ሞልቶ እስከ ገበያው ይሰማ ነበር። እንዲያውም እንደዚያ ቀን ድምፅ አመጣጥኜ አላውቅም። አውጪው ጥርት፣ ማሲንቆው ቅልል፣ ተቀባዮቹ ከኋላ ድጋፍ። ሰው ሁሉ አመሰገነኝ፤ የሙሽራው አባት ትከሻዬን ይዘው መረቁኝ። እኔም ኩራቴን ታቅፌ ገባሁ።

ነሐሴ ላይ ጀማል ከከላላ ሲመለስ፣ ከመንደራቸው ሥር ባለው ወንዝ ደራሽ ውሃ ወሰደው። አብሮት የነበረው ነጋዴ የበቅሎውን ጅራት ይዞ ወጣ። ጀማል በሦስተኛው ቀን ከታች ተገኘ። እኔ ወሬውን ስሰማ ቀብሩ አልፎ ነበር። ለቅሶ ደረስኩ፤ ደጁን ከሞላው ሰው መሀል ተቀምጬ፣ ሸህ አራጋውን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኝ፣ እግዜር ያጥናችሁ ብዬ ተመለስኩ።

ጥቅምት ሲገባ፣ በገበያ ቀን፣ እናቱ እማ ፋጤ ሠርግ በሌለ ጊዜ ወደምሠራበት ወደ ጋሼ ተፈራ ሱቅ መጡ። ነጠላቸው በአቧራ ቀልቷል።

"ደህና ነህ ወይ ልጄ?"

"አልሀምዱሊላህ፣ እማ ፋጤ። አንቱስ ደህና ነዎት?"

"ደህና ነኝ ብል ውሸት ነው። አይደለሁም ብል ጌታዬን መክሰስ ይሆንብኛል።" ነጠላቸውን አራገፉና፣ "የዚያን የመጨረሻውን ሠርግ ዘፈን መላኩ በካሴት ቀድቶታል አሉኝ። እውነት ነው?" አሉ።

"እውነት ነው።"

"ፎቶ አለኝ፤ ለመታወቂያ የተነሳው። ፎቶ አይናገርም። ድምፁ ራበኝ፣ መላኩ። ለኔ ብለህ አሰማኝ።"

እዚያው ላሰማቸው ፈልጌ ነበር፤ ሱቁ ግን በሰው ተጨናንቋል። "እንዲህማ አይሆንም፣ እኔው ራሴ ቤትዎ ድረስ አመጣዋለሁ" አልኳቸው። "አላህ ይውደድህ" ብለው፣ ልከለክላቸው ስታገል እጄን ስመው ሄዱ።

እሳቸው ሄደው ገበያተኛው ሲቀል ሱቁን ገርበብ አድርጌ ካሴቱን ቴፕ ውስጥ ከተትኩ። አውጪው አለ። ማሲንቆው አለ፣ ከበሮው አለ፣ ሌሎቹ ተቀባዮች አሉ። ጀማል የለም። አሳለፍኩት፤ በሚቀጥለውም ዘፈን የለም። ገልብጬ ሁለተኛውን ገጽ ሰማሁ። ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ለጥፌ ደጋግሜ ሳዳምጥ፣ በአውጪው ማይክ ሾልኮ የገባ፣ ከሩቅ የሚጣራ ሰው የመሰለ ነገር አንድ ቦታ ላይ አገኘሁ። እሱ ይሁን የሸራው ነፋስ ግን ምዬ መናገር አልችልም።

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ካሴቱ የሚቀዳው ከሚክሰሩ በሚወጣ ገመድ ነው፤ ዳሱን አይሰማም። በሚክሰሩ ያላለፈ ድምፅ ዳሱን ቢያናውጠውም ካሴቱ ላይ አይኖርም። እኔ ደግሞ ደካሞቹን ከፍ ከፍ አድርጌ፣ ብርቱውን ዘግቼዋለሁ። ሙያዬን የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ስህተት አይሠራም ነበር፤ ሁሉንም እኩል ከፍቶ ይተወው ነበር። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ለጋሼ ተፈራ ብነግራቸው፣ "ካሴቱ ተበልቷል በላቸው። ለሳቸውም ይቀላቸዋል" አሉኝ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ለእናቲቱ አዝነውላቸው ነው። እኔም ሦስት ቀን ያንን ውሸት በልቤ ሳለማምድ ሰነበትኩ። በአራተኛው ቀን ግን በባትሪ የሚሠራውን የራሴን ቴፕ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ አራት አዲስ የባትሪ ድንጋይ ኪሴ ከትቼ ተነሳሁ። እውነቱን ለመናገር ቆርጬ ነው የሄድኩት ብል ራሴን ማሞገስ ይሆናል። ካሴቱን ይዤ እየሄድኩም እንኳ ተበልቷል የምትለው ቃል ምላሴ ላይ ነበረች።

የጠዋቱ ውርጭ ገና አልለቀቀም። ገብሱ ለአጨዳ ደርሶ ቁልቁለቱን በሙሉ ቢጫ አልብሶታል። መንገድ ላይ ያገኘሁት ገበሬ የባቄላ እሸት ዘግኖ ሰጠኝና እየፈለቀቅሁ ወረድኩ። ወንዙ ዘንድ ስደርስ ውሃው ቁርጭምጭሚቴን እንኳ አላለፈም። በነሐሴ ሰው የወሰደው ይኸው ነው ብዬ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ መሀሉ ላይ ቆምኩ። ያቺን ውሸት እዚያ ውሃ ውስጥ ጥያት ወጣሁ።

ሸህ አራጋው ከደጅ መደብ ላይ፣ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ሙሰበሃቸውን ይቆጥራሉ። ሰላምታዬን መለሱልኝ። "ግባ ልጄ። እናቱ ስትጠብቅህ ነው የሰነበተች።" እሳቸው ከተቀመጡበት አልተነሱም። ጆሮዬን አልሰጥህም ያሉትን ቃል ከልጃቸው ሞት በኋላም የጠበቁ መሰለኝና ተቀየምኳቸው።

እማ ፋጤ ጭኮ በቅቤ ለውሰው አቅርበዋል። ሳልቀምስ እንዳልጀምር ስለገቱኝ ሁለት ሦስቴ ጎረስኩ። ቴፑን አጎዛው ላይ አስቀምጬ የመጀመሪያውን ዘፈን ከፈትኩ። እጃቸውን ቴፑ ላይ ጭነው አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ።

"ይኼ ማነው?"

"አውጪው ነው።"

"ይኼስ?"

"ሌሎቹ ተቀባዮች ናቸው።"

ዘፈኑ አለቀ። ሁለተኛውም ጀመረ።

"የኔውስ የታለ?"

ቴፑን አቆምኩት። "እማ ፋጤ፣ የለም። ጥፋቱ የኔ ነው። ድምፁ ሲበረታብኝ ማይኩን ዘጋሁበት። ያለ ማይክም ጎልቶ ይሰማ ስለነበር ምንም የጎደለ አልመሰለኝም። ቴፑ ደግሞ በማይክ ያልመጣ አይቀዳም።"

ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን እንዳልገባው ሰው አዩኝ። "ስለበረታ ነው የቀረው?" አሉኝ።

"አዎ።"

ከደጅ የሙሰበሃው ዶቃ ኮሽታ አቁሟል። "አንተ ብቻ አይደለህም፣ ልጄ" አሉ ሸህ አራጋው። ጀርባቸውን አላዞሩም። ቂሜ የት እንደገባ አላውቅም፤ አንገቴን ደፋሁ።

እማ ፋጤ ቴፑን ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ "ከሥሩ አሰማኝ" አሉ። "ያለፍከው ይኖራል።"

"ከመጀመሪያው ዘፈን በፊት ዘፈን የለም፣ እማ ፋጤ። ማይክ ስንሞክር ነው።"

"ሙከራም ይሁን። ከሥሩ።"

እውነታቸውን ነበር። ያን ክፍል ሁልጊዜ አልፈዋለሁ፤ ጣቴ ካሴት ሲይዝ ወደ መጀመሪያው ዘፈን ማሳለፍ ለምዷል። ድንጋዩ እንዳያልቅ ካሴቱን አውጥቼ በእስኪርቢቶ እየዘወርኩ ወደ ሥሩ መለስኩት። ከፈትኩ። መጀመሪያ ሽሽታ ብቻ። ከዚያ የአንድ ወንበር መንኳኳት። ከዚያ አጠገባችን የተቀመጠ ያህል፣ "አሎ። አሎ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" አለ።

እማ ፋጤ በሁለት እጃቸው አፋቸውን ያዙ።

"ይሰማል?" አለ ጀማል።

የዚያን ቀን እኔ ከዳሱ ማዶ ጫፍ ሆኜ መልሼለታለሁ። እኔ ማይክ ስላልነበረኝ መልሴ ካሴቱ ላይ የለም። በእኔ መልስ ቦታ ያለው ዝምታ ብቻ ነው። በዚያ ዝምታ ውስጥ እናቱ፣ "ይሰማል ልጄ። ይሰማል" አሉ።

"ኧረ መላኩ፣ ይሰማል ወይ?" ሳቁ ይሰማል። እጄን ወደ ታች እያወረድኩ ምልክት ስሰጠው ታወሰኝ። "ምነው፣ ልቀንስ?"

"አትቀንስ።"

ዞር ስል ሸህ አራጋው በሩ ላይ ቆመዋል። ጫማቸውን መቼ እንዳወለቁ አላየሁም።

ቴፕ ሰው አይሰማም። "እሺ፣ ቀነስኩ" አለ ጀማል፤ ከበሮውም ጀመረ። ሸሁ እጃቸውን ሲያነሱ አቆምኩት። ከቴፑ አጠገብ በጉልበታቸው ቁጭ አሉና፣ "መልሰው" አሉኝ። በእስኪርቢቶ መለስኩት። እንደገና "መልሰው" አሉኝ። ስንት ጊዜ እንደመለስኩት አልቆጠርኩም፤ የማስታውሰው ጥላው ከበሩ እስከ ምሰሶው መሄዱን ነው። ጀማል "ይሰማል?" ባለ ቁጥር ሁለቱም ይመልሱለታል።

ቴፑንም ካሴቱንም ትቼላቸው ወጣሁ። ሸህ አራጋው እስከ ወንዙ ሸኙኝ። ውሃው ዘንድ ስንደርስ፣ "ማይክ የሚባለውን እንዴት አድርጎ ነበር የሚይዘው?" አሉኝ። ጡጫዬን አፌ አጠገብ አቅርቤ፣ እሱ እንደሚያደርገው ትንሽ ዘንበል አድርጌ አሳየኋቸው። እሳቸውም ጡጫቸውን ጨብጠው ወደ ጺማቸው አቀረቡ። ትንሽ እንደዚያ ቆዩና እጃቸውን አወረዱ። "አብሽር። በል በሰላም ግባ" አሉኝ።

ኋላ እማ ፋጤ ገበያ ሲመጡ ይነግሩኝ ነበር። ሸሁ ካሴቱን ሲከፍቱ ከበሮው ከመጀመሩ በፊት ማቆሚያውን የሚጫኑበትን ቦታ ጣታቸው ለምዶታል። ዘፈኑን አንድም ቀን አልሰሙም። ያቺ ጥቂት የካሴት ክር ግን ከመመላለስ ብዛት ሳስታ በመጨረሻ ተበጠሰች። ያን ጊዜ ሁለቱም አርጅተው ነበር፤ ዛሬ ሁለቱም የሉም።

ከዚያ ወዲህ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ አንዲት ማይክ ለማንም ሳልሰጥ ከዳሱ ምሰሶ ጋር አስር ነበር። ወደ ስፒከሩ አልከፍታትም፤ ለካሴቱ ብቻ ናት። ዳሱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ትሰማለች፣ ተቀባዩን፣ እልልታውን፣ የሚጨቃጨቁትን አሳላፊዎች። የቀረጻዬ ጥራት ወረደ ተብሎ ታማሁ። "ይቺ ማይክ የማን ናት?" ሲሉኝ የጀማል ናት እላለሁ፤ ያላወቁት አዲስ ዘፋኝ የሚመጣ ይመስላቸዋል።

የእህቴ ልጅ ሠርግ ላይ ያ ጎበዝ ሙከራውን ሊጨርስ ሲል ተነስቼ ተጠጋሁት።

"ይኼንንም ትቀዳዋለህ?"

"ይቀዳል ጋሼ። በኋላ ግን ቆርጬ አወጣዋለሁ፤ ዘፈን የለበትም እኮ።"

"አትቁረጠው" አልኩት።

ሽማግሌ ለማክበር ያህል እሺ አለኝ፤ እንደማይገባው ፊቱ ይናገራል። እኔም አልፈረድኩበትም፤ በእሱ ዕድሜ አልገባኝም ነበር። ሰው ሲሄድ የሚቀርልን ያዘጋጀውና ያሳመረው ይመስለናል። የሚናፈቀው ግን ምንም ሳያስብ፣ አለሁ ለማለት ያህል የጣለው ቃል ነው። ያንንም ብዙ ጊዜ የምንመልስለት ከመሸ በኋላ ነው።

ልጁ ማይኩን እንደገና አነሳ። "አሎ፣ አሎ። ይሰማል?" አለ። አዳራሹ እንደ ቅድሙ ዝም አለው። እኔ መለስኩለት።